በጽሑፍ ያለ ይወረሳል?

ባለፈው ሰሞን፣ ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቶናው እየተቀዳ ሳለ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የቤቱ ልጅ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። የቤት ሥራው ስለ ጄምስታውን ነው፤ በ1607 ከእንግሊዝ የመጡ መቶ ያህል ወንዶችና ልጆች ወንዝ ዳር አጥር አጥረው ስለ መሠረቷት ሰፈር። ልጅቱ የታዘዘችውን ሁሉ መልሳ ጨርሳለች። የቸገራት መምህሯ ያልጠየቀቻት ጥያቄ ነበር። «ከእነሱ በፊት እዚህ የነበሩት ሰዎችስ? የእነሱ ታሪክ የት ነው የተጻፈው?» አለች። በዕድሜም በትምህርትም የሚበልጡን አንድ የማከብራቸው ሰው ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ እነሱ እኮ አልጻፉም። ያልጻፈ ደግሞ ታሪክ የለውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል አልሰማሽም?» ብለው መለሱላት። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ልጅቱም ደብተሯን ዘግታ ሄደች።

እኔም ነቀነቅሁ። ከታላቅ ጋር በቡና ላይ መሟገት ነውር መስሎኝ እንጂ አምኜ አልነበረም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይህን የምጽፈውም ለእሳቸው መልስ፣ ለልጅቱ ደግሞ ካሣ እንዲሆን ብዬ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከተረቱ ልጀምር። «ይወረሳል» የምትለዋ ቃል ኅብረ ቃል መሆኗን ስንቶቻችን አስተውለናል? አባት ለልጁ የሚተወው ንብረት ይወረሳል፤ ጉልበተኛ ከባለቤቱ የሚነጥቀውም ይወረሳል። በደርግ ዘመን ቤቱ የተወረሰበት ሰው ይህን ሁለተኛ ፍቺ የሚያስረዳው አያሻውም። የአሜሪካን የሰፈራ ዘመን ያጠኑ የታሪክ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ያነበቡት የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ ነበር። የሰፋሪው ደብዳቤ፣ የሰፋሪው ውል፣ የሰፋሪው መዝገብ ከአባቶች የወረደ ቅርስ ነው ብለው ተቀበሉ። ወረቀቱ መውረሻ መሣሪያም እንደ ነበረ አጥብቀው መጠየቅ የጀመሩት ዘግይተው ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ስለዚያ ዘመን የተጻፈን ወረቀት «ምን ይላል?» ብሎ ብቻ የሚያነብ ሰው ገና ግማሽ አንባቢ ነው። ሌላው ግማሽ «ከማን ምን ወሰደ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የሚከተለውን እንመልከት። የፔንሲልቬኒያ ጌቶች የነበሩት የዊልያም ፔን ልጆች በ1686 ተጻፈ የተባለ የመሬት ውል ቅጂ ለሌናፔ ሕዝብ መሪዎች አቀረቡ። ውሉ የተሸጠው መሬት አንድ ሰው በአንድ ቀን ተኩል በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት ያህል ነው ይላል። ሌናፔዎች የመንገደኛን አካሄድ ያውቃሉ፤ ይራመዳል፣ ያርፋል፣ ይበላል፣ እንደገና ይነሣል። የፔን ሰዎች ግን ዱሩን አስቀድመው አስመንጥረው፣ ጉልበታቸው የተመሰከረላቸው ሦስት ሰዎች ቀጥረው፣ በሴፕቴምበር 1737 ለቀቋቸው። ሁለቱ ደክመው በመንገድ ቀሩ። ሦስተኛው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ዘልቆ ቆመ። እሱ ከቆመበት መስመር ተሰመረና 1.2 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ ምድር በአንድ ቀን ተኩል ባለቤት ለወጠ። ሌናፔዎች ይህ ሩጫ እንጂ እርምጃ አይደለም ብለው አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ። አቤቱታው ግን አልሞተም። በ1756 ቲድዩስኩንግ የተባለው መሪያቸው በኢስተን ጉባኤ ቆሞ መሬታችን በማጭበርበር ተወሰደ ሲል በአደባባይ ከሰሰ። ሃያ ዓመት በቃል የኖረ ክስ ነው። እንግዲህ የትኛው ነው የተረሳው? የትኛውስ ነው የተወረሰው?

ይህን ስል ወረቀት ሁሉ ይቃጠል እያልሁ አይደለም። ወረቀት ብቻውን ሲቆም ምን ያህል እንደሚያነክስ ለማየት የልጅቱ የቤት ሥራ ወደ ሆነችው ጄምስታውን እንሂድ። ስለዚያች ሰፈር የተጻፈው ብዙ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ግን እርስ በርስ የሚካሰሱ፣ በለንደን ላሉት ባለ አክሲዮኖች ራሳቸውን ለማጽደቅ የሚጣደፉ ሰዎች ነበሩ። የልጆች ፊልም እስከ መሆን የደረሰው ወሬ፣ የፓውሃታን ልጅ ፖካሆንታስ ካፒቴን ጆን ስሚዝን ከሞት አዳነችው የሚለው፣ ስሚዝ በ1608 በታተመው ዘገባው ላይ አይገኝም። ታትሞ የወጣው በ1624 መጽሐፉ ነው። ያኔ ፖካሆንታስ ከሞተች ሰባት ዓመት፣ አባቷ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሰየው፣ የሚያስተባብል የለም! ጽሑፍ ነውና ትውልድ ሁሉ ወረሰው።

በአንጻሩ ከ1609 ወደ 1610 ባሻገረው የብርድ ወራት በሰፈሩ የሆነውን ጆርጅ ፐርሲ የተባለው አለቃ ሲጽፍ፣ ረኃቡ ሰው የሰው ሥጋ እስኪበላ ማድረሱን መስክሯል። በአጥሩ ውስጥ ከነበሩት ሦስት መቶ ያህል ሰዎች የተረፉት ስድሳ ገደማ ናቸው። ሰው በሰው ላይ ደረሰበት የተባለውን ግን ኩባንያውን ለማሳጣት የተጋነነ ነው ብለው የተጠራጠሩ የታሪክ ሰዎች ነበሩ። ክርክሩን የቋጨው ሌላ ወረቀት አልነበረም። ወንዙ በልቶታል ሲባል የኖረውን አጥር ፍለጋ ዊልያም ኬልሶ በ1994 መቆፈር ጀመረ፤ አጥሩም ከነመሠረቱ ተገኘ። በ2012 ደግሞ ከዚያው አፈር የአንዲት አሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጃገረድ የራስ ቅል ወጣ። በላዩ ላይ የስለት ምልክት አለበት። በ2013 የስሚዝሶኒያን ተመራማሪዎች ምልክቱ ከሞተች በኋላ ሥጋዋን ለመብላት የተደረገ መሆኑን ይፋ አደረጉ። አንዲት ስሟ እንኳ የማይታወቅ ልጅ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ለፐርሲ መሰከረችለት።

ለምን ተራቡ ለሚለውስ? ስሚዝ የሰፋሪዎቹን ስንፍና ሲወቅስ ይታያል፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም ወቀሳውን ተቀባበሉት። የአካባቢው ሰዎች እህል ነፈጉን የሚለውም ክስ አብሮ ተወረሰ። በ1998 ግን ሳይንስ ጠበብት በዚያ አገር ረግረግ ውስጥ የሚኖሩትን ዕድሜ ጠገብ የሳይፕረስ ዛፎች ቀለበት ቆጥረው አንድ ነገር አሳወቁ። ከ1606 እስከ 1612 ያሉት ዓመታት በ770 ዓመት ውስጥ ከታዩት የሰባት ዓመት ድርቆች ሁሉ የከፉት ነበሩ። እንግዲህ ድርቅ ከሚያውቅ አገር የመጣህ አንባቢ ሆይ፣ ክሱን አሁን መልሰህ አንብበው። የፓውሃታን ሰዎች ለእንግዳ እህል አንሸጥም ቢሉ ጭካኔ ነው ወይስ የራሳቸው ጎተራ መጉደል? ዛፉ አላዳላም። የሰፋሪውንም የባላገሩንም ጥማት በአንድ ቀለበት መዝግቦ አቆየው።

ከዚያው ሰፈር ሳንርቅ ሌላ ወረቀት እናንብብ። በኦገስት 1619 መጨረሻ አንዲት የባሕር ዘራፊ መርከብ ፖይንት ኮምፈርት ከተባለው የቨርጂኒያ ወደብ ደረሰች። የትምባሆ ገበሬው ጆን ሮልፍ ለኩባንያው ሹም በላከው ደብዳቤ፣ መርከቧ ያመጣችው ሃያ ምናምን ጥቁሮችን ብቻ እንደ ነበረና በስንቅ እንደ ተለወጡ ጻፈ። «ምናምን» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ሮልፍ የጻፈውም በዚሁ መንፈስ ነው፤ ከሃያ የተረፉትን ሰዎች ቁጥራቸውን እንኳ ለማጥራት አልደከመም። ቅኔ የተማሩ ሰዎች ሰምና ወርቅን መለየት ያውቁበታል። ይሁን እንጂ በቅኔ ወርቁን የሚሸሽገው ባለቅኔው ራሱ ነው፤ በሰፋሪው ወረቀት ግን ጸሐፊው ወርቁ መኖሩንም አያውቅም። «ምናምን» ብሎ ሲያልፍ ስለ እነዚያ ሰዎች ምንም አልነገረንም፤ ስለ ራሱና ስለሚመጣው ሁለት መቶ ዓመት ግን ሁሉንም ነገረን።

እነዚያ ሰዎች ከየት መጡ? የእንግሊዝኛውን መዝገብ ብቻ ይዞ ለተቀመጠ ሰው መልስ አልነበረም። በ1997 ኤንግል ስሉይተር የተባለ ምሁር ጥያቄውን ወደ ስፔን መዛግብት ወሰደው። እዚያም ከሉዋንዳ ተነሥታ ወደ ቬራክሩዝ ስትጓዝ በእንግሊዝ ዘራፊዎች የተመታች የባሪያ መርከብ አገኘ። በዓመቱ ጆን ቶርንተን ክሩን እስከ አንጎላ ተከተለው፤ በዚያን ጊዜ ፖርቱጋሎች በንዶንጎ መንግሥት ላይ ከፍተውት የነበረውን ጦርነትና የተማረከውን ሕዝብ አሳየ። «ምናምን» የተባሉት ሰዎች አገር ነበራቸው፤ ንጉሥ ነበራቸው፤ ከተማ ነበራቸው። አንዲቱም ስም አላት። በዚያው ጉዳይ ሁለተኛ በሆነችው መርከብ የመጣች አንጄላ የተባለች ሴት በ1624 እና በ1625 የጄምስታውን ሕዝብ ቆጠራ ላይ፣ እህሉና ጠመንጃው በሚቆጠርበት በዚያው መዝገብ፣ ተጽፋ ትገኛለች። ከ2017 ጀምሮ የኖረችበት ግቢ ተቆፍሮ ተጠንቷል። ወረቀት በወረቀት ላይ፣ አፈር በወረቀት ላይ እየተመሳከረ አንድ ሰው ከ«ምናምን» ውስጥ ወጣ። የታሪክ ሥራ ማለት ይህ ነው።

«እነሱ አልጻፉም» ወደሚለው እንምጣ። በሰሜን አሜሪካ ምድር መጀመሪያ የታተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በምን ቋንቋ ነበር ቢባል ማን ያውቃል? እንግሊዝኛ አልነበረም። በ1663 በማሳቹሴትስ የታተመው የጆን ኤልየት መጽሐፍ ቅዱስ ዋምፓኖጎችና ጎረቤቶቻቸው በሚናገሩት ቋንቋ ነው። በማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ከነበሩት አንዱ ጄምስ ፕሪንተር የተባለ የኒፕመክ ሰው ነበር። ሚስዮናዊው የፈለገው ነፍሳቸውን ለመማረክ ነው፤ እነሱ ግን ፊደሉን ወስደው ኑዛዜ ጻፉበት፣ የመሬት ውል ጻፉበት፣ መሬታችን ተነካ ብለው አቤቱታ ጻፉበት። እነዚህ ሰነዶች ዛሬም አሉ። ያላነበብናቸው ስላልተጻፉ አይደለም፤ ቋንቋቸውን የሚማር የታሪክ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ነው። ቋንቋው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተናጋሪ አጥቶ ዝም አለ። በ1993 ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ የተባለች የማሽፒ ዋምፓኖግ ሴት ያንን መጽሐፍ ቅዱስና እነዚያን ውሎች ዘርግታ፣ ከሥነ ልሳን ሊቅ ጋር ተቀምጣ፣ የአያቶቿን ቋንቋ ከወረቀት ወደ አፍ መመለስ ጀመረች። የገዛ ልጇም ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ አፏን በዚያ ቋንቋ የፈታች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። በቃል ያለው ተረስቶ ነበር፤ በጽሑፍ ያለውም ተወርሶ ነበር። ሁለቱን አስታርቃ ያስመለሰችው አንዲት እናት ናት።

«በቃል ያለ ይረሳል» የሚለውንም ያለ ምርመራ አላሳልፈውም። ቶማስ ጀፈርሰን በባርነት ይዟት ከነበረችው ከሳሊ ሄሚንግስ ልጆች ወልዷል የሚለው ቃል ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በ1873 ልጇ ማዲሰን ሄሚንግስ ኦሃዮ ውስጥ ለሚታተም ጋዜጣ አባቴ ጀፈርሰን ነው ብሎ በግልጽ ተናገረ። የጀፈርሰን የልጅ ልጆች በበኩላቸው የለም፣ ጥፋቱ የእኅቱ ልጆች የካሮቹ ነው አሉ። ሁለቱም ቃል ነው። ሁለቱም የቤተሰብ ወሬ ነው። ታዋቂ የጀፈርሰን ታሪክ ጸሐፊዎች የቱን አመኑ? የነጮቹን ወሬ «ምስክርነት» አሉት፤ የጥቁሮቹን ደግሞ «አሉባልታ»። አኔት ጎርደን-ሪድ የተባለችው የሕግ ምሁር በ1997 ባሳተመችው መጽሐፍ ያደረገችው ነገር ቀላልና አሳፋሪ ነበር፤ ሁለቱን ቃል በአንድ ሚዛን አስቀምጣ ሚዛኑ ተዛብቶ መኖሩን አሳየች። በዓመቱ የደም ዘር ምርመራ ከሳሊ ልጆች አንዱ የኢስተን ዘር ከጀፈርሰን ወገን ወንዶች መሆኑን፣ ከካሮቹ ጋር ግን አለመገጣጠሙን አረጋገጠ። ደሙ ብቻውን ከጀፈርሰን ወንዶች የትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ ነገር ግን ሳሊ በፀነሰችባቸው ጊዜያት ሁሉ ጀፈርሰን በቤቱ እንደ ነበረ የገዛ መዝገቡ ይናገራል። ቃልና ወረቀት ደምም ተስማሙ። በ2000 የጀፈርሰንን ቤት የሚያስተዳድረው ተቋም ራሱ ይህንኑ ተቀበለ። ለመሆኑ በመቶ ሃያ አምስት ዓመት ውስጥ የረሳው ማን ነበር? ቃሉ ወይስ ሰሚው?

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ታዲያ የተወራ ሁሉ ታሪክ ነው ልትል ነው?» አልልም። ቃልም ያጋንናል፣ ቃልም ለወገኑ ያደላል፣ ቃልም የማይመቸውን ይውጣል። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምስክር ሁሉ በአንድ ችሎት፣ በአንድ መሐላ ይመርመር። ለወረቀቱ ወንበር፣ ለቃሉ መሬት አይሰጥ። እንዲህ ያለው ምርመራ ማንንም አይምርም። በ2019 ኒውዮርክ ታይምስ የአሜሪካን ታሪክ ከ1619 ጀምሮ የሚያነብ ትልቅ ሥራ ሲያወጣ፣ ስመ ጥር የታሪክ ሰዎች ስለ ነጻነቱ ጦርነት መነሻ የተጻፈውን ተቃወሙ፤ ጋዜጣው በ2020 ዓረፍተ ነገሩን ሁሉም ሰፋሪዎች ከሚመስል ወደ «አንዳንዶቹ» አጠበበው። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ችሎቱ የሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። የሚያስፈራኝ የችሎቱ በር ሲዘጋ ነው። በማርች 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ስለ አገራቸው ታሪክ የሚያሳዩት እንዲጸዳ ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ የልጃገረዲቱን አጥንት ያነበበው ተቋም ምን ማንበብ እንዳለበት ከላይ ሊነገረው ተሞከረ። የተፈረመ ወረቀት እንደገና ለመውረሻ ወጣ።

እኛንስ ምን አገባን ለሚል ወገኔ ሁለት ቃል አለኝ። አንደኛ፣ ብዙዎቻችን ቤት የሠራነው፣ ልጆች የምናሳድገው በዚያችው ቨርጂኒያ ምድር ላይ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያመኛል። የእኒያ የተከበሩ ሰው መልስ የመነጨው ከአሜሪካ ሳይሆን ከራሳችን ኩራት ነው። ፊደል አለን፣ ብራና አለን፣ ዜና መዋዕል አለን። ኩራቱ የሚገባ ነው። ነገር ግን የንጉሡን ዘመቻ ቀን በቀን የሚቆጥረው ዜና መዋዕል ስንቁን የፈጨችውን ሴት በስሟ ይጠራታልን? በገዛ አገራችንስ ስንቱን ሕዝብ «አልጻፈምና» ብለን ከታሪክ ደጃፍ መልሰነዋል? ያልጻፈውን ሕዝብ ታሪክ የለውም ያለ ሰው ነገ መሬትም የለውም ቢሉት የሚመልሰው አይኖረውም። ሌናፔዎችን የገጠማቸው ይህ ነው።

የልጅቱን ጥያቄ ሳልመልስ አልጨርስም። ከጄምስታውን በፊት የነበሩት ሰዎች ልጆች እዚያው ቨርጂኒያ ናቸው። ፓመንኪዎች ከፓውሃታን ዘመን ጀምሮ በወንዛቸው ዳር፣ በራሳቸው ክልል ይኖራሉ። በ1924 የቨርጂኒያ መንግሥት የዘር ንጽሕና ሕግ አወጣ። የልደትና የሞት መዝገብ ኃላፊ የነበረው ዋልተር ፕለከርም «ሕንድ» የሚለውን ቃል ከወረቀት ላይ እያስፋቀ ሁሉንም «ባለ ቀለም» አሰኛቸው። ሰዎቹ በቤታቸው ተቀምጠው በመዝገብ ጠፉ። የአሜሪካ መንግሥት ሕዝብነታቸውን ለማወቅ ሲመረምር ደግሞ ማስረጃ ወረቀት አምጡ አላቸው! ለመንግሥታዊው ዕውቅና የበቁት በ2015 ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ነገር አላቋረጡም። በ1677 ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር በገቡት ውል መሠረት በየዓመቱ በኖቬምበር፣ የምስጋና በዓል ዋዜማ፣ ፓመንኪዎችና ማታፖናዮች አጋዘን አድነው ሪችመንድ ወደሚገኘው የገዥው ቤት ይወስዳሉ። ገዥውም በደጃፉ ወጥቶ ይቀበላል። ግብር ነው። በእነሱ በኩል ግን «ውሉን እኛ አልረሳንም፤ እናንተስ?» የማለት ያህል ነው።

የኔ ልጅ፣ ታሪካቸው የት ተጻፈ ላልሽው፦ በከሳሾቻቸው ወረቀት ውስጥ ተጽፏል፣ በገዛ እጃቸው ተጽፏል፣ በዛፍ ቀለበት ተጽፏል፣ በአፈር ውስጥ ተጽፏል፤ በየዓመቱም አጋዘን ተሸክሞ የገዥውን ደጃፍ ያንኳኳል። ያን ዕለት መልሱን ስለ ነፈግሁሽ ይቅርታ። ደብተርሽን እንደገና ክፈቺው። አባባም ይህን ካነበቡ፣ በሚቀጥለው ቡና ላይ ይሟገቱኝ፤ አሁን ዝም አልልም።

ቸር ያሰንብተን።